የስለቱ ሙክት

ድርቁ አልፎ ዝናቡ ከተመለሰ በኋላም መንግሥት የጀመረው ሰፈራ አልቆመም። በሐይቅ ዙሪያ ያለው የገበሬ ማኅበራችን ሰው እየመረጠ ወደ ወለጋ እንዲሰድ ኮታ ተጣለበት፤ የወንድሜ ስምም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እርፍ የሚጨብጥልን እሱ ብቻ ነበር። እናቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን ለግሸን ማርያም የተሳለችውን ሙክት ፈትታ ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ሄደች፤ ስትመለስ እጇ ላይ ገመዱ ብቻ ነበር። በማግስቱ የወንድሜ ስም ተሰረዘ።

ኮታ ግን ኮታ ነው፤ አንድ ስም ሲወጣ ሌላ ስም ይገባል። የገባው የጎረቤታችን ልጅ ነበር። ጎረቤታችን እስላም ናት፤ እንደ እናቴ ባሏ የሞተባት፣ እንደ እናቴ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ያላት። ሥጋ ለየብቻ እናርዳለን እንጂ ሌላው ነገራችን ሁሉ የጋራ ነበር። ያንን ሙክት እንኳ ከሐይቁ ዳር ሣር እያጨደች አብራን ያደለበችው እሷ ናት። ልጇ በመኪና ተጭኖ በሄደበት ቀን እናቴ አቅፋት አለቀሰች። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ እናቴን ማየት አስጠልቶኝ ነበር። ወንድሜ በመቅረቱ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ከደሴ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ጉቦን ከሥሩ የሚነቅል ሕግ ወጥቷል ተብሎ ሰው ሁሉ ተጠራ። ሴት ብሆንም በሰፈሩ ሰባተኛ ክፍል የደረስኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ በተቆጣጣሪዎቹ መካከል ተቀምጧል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ሲተርትብን የኖረ ሰው፣ ያን ቀን «ጉቦ ይውደም» ሲባል ከሁሉ ቀድሞ እጁን አነሳ።

ዋናው ተቆጣጣሪ ወረቀት ሰጠኝና ሕጉን ለሕዝቡ እንዳነብ አዘዘኝ። ጉቦ የሰጠም የተቀበለም እኩል ይቀጣል ይላል። በጉቦ የተሰጠ ውሳኔ ሁሉ ይሻራል ይላል። ወዲያው ገባኝ፤ እናቴ ብትናገር እሷ እስር ቤት፣ ወንድሜ ወለጋ ነው። ሕጉን ያወጣው ሰው አስቦበት ይሁን አላውቅም፣ የሰጪንና የተቀባይን አፍ በአንድ ቁልፍ ነበር የቆለፈው።

ጽሕፈት ቤታችንን ከሊቀመንበሩ ግቢ የሚለየው የእሾህ አጥር ነው። ንባቡን ጥቂት እንደገፋሁ ከአጥሩ ማዶ በግ ጮኸ። አወቅኩት። ጠዋትና ማታ ጨው የማልሰው እኔ ነበርኩ፤ ድምፄን በሰማ ቁጥር እንደዚያ ይለኝ ነበር። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ተቆጣጣሪው ከኋላ ያሉት አልሰሙምና ጮክ በይ አለኝ። ጮክ አልኩ፤ በጉም ጮኸ። ሊቀመንበሩ እሱም ሕጉን ይስማ እንጂ ብሎ ቀለደ፣ ሰውም ሳቀ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መሬት መሬቱን ታያለች።

ጥቆማ ያለው ይነሳ ተባለ። ጎረቤታችን ተነሳች።

«የልጄ ስም መዠመሪያ አልነበረም» አለች። «በማን ፋንታ ገባ?»

ሊቀመንበሩ ፊቱ ተለዋወጠ። ተቆጣጣሪው ጉቦ የሰጠ ሰው የምታውቂ ከሆነ ስሙን ተናገሪ አላት። አጥሩን አየች። በጉ እንደገና ጮኸ። ከዚያ ዞር ብላ እናቴን አየቻት፤ ረጅም ጊዜ አየቻት። ብዕሬን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ የእናቴ ስም ከአፏ እስኪወጣ ጠበቅኩ።

«እኔ የጠየቅሁ እናንተን ነው። እናንተ ካላወቃችሁት ይቅር» ብላ ተቀመጠች።

ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየና ጥቆማ አልቀረበም ብለሽ ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። ቀጥሎም በማኅበሩ ውስጥ ጉቦ አለመኖሩ ተረጋግጧል አለኝ፤ ያንንም ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ ከሥሩ ፈረመ። ተቆጣጣሪዎቹ ምሳ ሳይበሉ አልሄዱም፤ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሳልፍ የሙክታችን ቆዳ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ እናቴ ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ደጃፉ ላይ እግሯ ሥር ወደቀች። ልትናዘዝ ገና አፏን ሳትከፍት ጎረቤታችን አቋረጠቻት።

«በጉ በደጄ ነው ያለፈ፣ እታለም። የዚያኑ ለት አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ብናገር ያንችን ልጅ ይወስዱታል እንጂ የኔን አይመልሱልኝ። ለምን ሁለት እናት ታልቅስ? በይ አሁን ተነሽ። ኸእንግዲህ ግን ደጄን አትርገጪ።»

እናቴ እስክትሞት ያንን ደጅ አልረገጠችም፤ ወደ ግሸንም ዳግመኛ አልወጣችም፣ በምን ፊቴ ትል ነበር። ሊቀመንበሩ መንግሥት እስኪለወጥ ከወንበሩ አልተነሳም። የጎረቤታችን ልጅ አልተመለሰም። ወንድሜ ሁሉን ነገር ከእኔ ከሰማ ጀምሮ በየዓመቱ ማሳዋን ያርስላት ነበር። እሷም ምሳውን ይዛ መጥታ እርሻው ዳር አስቀምጣ ትመለሳለች፤ አንድም ቀን ግን ስሙን ጠርታው አታውቅም።