የሰይድ በሬና የኩሬው አረም

ባለፈው ሳምንት የመንደራችን ሰው ተጠራርቶ ከባምባሲ ወጣ ብሎ ያለውን ኩሬ ከአረም ሲያጸዳ ዋለ። ከየማሳው ማዳበሪያ እየታጠበ ስለሚገባበት አረሙ እንደ ጉድ ወፍሯል። እኔም አንድ እቅፍ ጎትቼ ሳወጣ ያ የቆየ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ የድሮ ነገር አስታወሰኝ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩ በኋላ እዚሁ የተወለድኩ ነኝ። ሰይድ ግን በዚያው ዓመት ነው ከደጋ ወርዶ አጎቱ ቤት ያረፈው። አንድ በሬ ገዛ፤ ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ላከብኝ። አባቴ ወደደው። እኔ ሌላ የምወደው ሰው ነበረኝ። ይህን ለአባቴ መናገር ስለፈራሁ ንዴቴን ሁሉ ሰይድ ላይ ተወጣሁት። በቆሎ እሸት ሲግጥ የሚያሰማው ድምፅ እንኳ ያስጠላኝ ነበር።

ሚያዝያ ነው፤ ሣሩ ተቃጥሎ ምድሩ ጠቁሯል። አረንጓዴ የቀረው ኩሬው ብቻ ነበር። የከብት እበት ያፋፋው አረም ቅጠሉን ውሃው ላይ አንጥፎ ሲያዩት መስክ ይመስላል። ከሥሩ ገመድ የመሰለ ግንድና የሚውጥ ጭቃ እንዳለ እዚያ ያደገ ሁሉ ያውቃል።

ከምንጭ ስመለስ ሰይድ የከሳ በሬውን ይዞ ኩሬው ዳር ቆሟል።

"ዘሃራ፣ ይሄ ይረገጣል ወይ?"

"ይረገጣል። ከብቶቻችን እዚያ አይደል የሚውሉ።"

ጭቃ በጭቃ ሆኖ እንዲሳቅበት ነበር የፈለግሁት። በሬውን አላሰብኩትም።

በሬው ብዙም ሳይራመድ እስከ ሆዱ ሰመጠ። በታገለ ቁጥር አረሙ እግሩን ተበተበው። ሰው ገመድ ይዞ ሲደርስ ሰይድ ውሃው ውስጥ ቀንዱን ይዞ ያለቅስ ነበር። እኔ ከዳር ሆኜ "ኩሬ ሊያርስ ገብቶ ነው" አልኩ። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሳያባራ በሬው ሰጥሞ ቀረ።

አባቴ "ማነው ግባ ያለህ?" አለው። ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ።

"ማንም። ሣር መስሎኝ ነው ጋሼ።"

አባቴ በማግስቱ ሽማግሌዎቹን "ውሃና መስክ ላልለየ ሰው ልጄን አልሰጥም" ብሎ መለሳቸው። ሰይድም "ኩሬ አራሹ" የሚል ስም ወጣለት። ክረምቱ ሳይገባ ለቀን ሥራ ወደ ጉባ ሄደ፤ አልተመለሰም።

እኔ የወደድኩትን አገባሁ፤ ወለድኩ፤ ደህና ኖርኩ። ሰይድን ይቅርታ ልጠይቀው ብል የት እንዳለ አላውቅም። እውነቱን አውጥቼ ስሙን ለማጥራት ግን እሱን ማግኘት አያስፈልገኝም። ያን ቀን የሳቁት ሰዎች ባለፈው ሳምንት አብረውኝ አረም ይጎትቱ ነበር። አንዷ ጎረቤቴ "ምነው ዘሃራ፣ ዝም አልሽ?" አለችኝ።

"ወገቤን አሞኝ ነው" አልኳት።