ከበሩ ሥር ያለው ቀዳዳ

ኤሌክትሪክ ወደ ብየዳ ቤታችን የገባ ዕለት በግቢው ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ ባለቤቴ ተኽለ፣ እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ፤ ከወሎ የመጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሰይድ፣ መሰላል ላይ፤ በዕድሜ የገፉት የቤቱ ባለቤት አደይ ምህረት፣ ወንበራቸውን ቆጣሪው ሥር አስወጥተው፤ ጎረቤታችን አኽበረት፣ ቧንቧው አጠገብ ልብስ እያጠበች፤ ልጄ ሳባ በጀርባዬ ታዝላ፤ እኔ ለተብርሃን። የሥራዬ የመጀመሪያ ቀን ያ ነው።

ይህን የምጽፈው ዛሬ በየጓሯቸው ብየዳ ለሚጀምሩ ልጆች ነው። ትምህርቴ ጥቂት ነው። አማርኛውንም በንጉሡ ዘመን በማታ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። ስሕተት ቢገኝ አንባቢ ያርመው።

ተኽለ በአንድ ጣሊያን ወርክሾፕ የኖረ ሳልዳቶረ ነበር፤ አስመራ ውስጥ በያጅን እንዲህ እንለዋለን። ረዳት ሆኖ ገብቶ ዋና በያጅ ሆኗል። አንድ ቀን ወደ ላይ ሲጎተት የነበረ ብረት ከሰንሰለቱ አመለጠና እጁ ላይ ወደቀ። አጥንቱ ገጠመ፤ ጣቶቹ ግን አልታዘዙትም። ጣሊያኑ «እጅህ እስኪመለስ እቤትህ ዕረፍ» አለውና አንድ አሮጌ የብየዳ ማሽን ሰጠው። እጁ እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ማሽኑን በጋሪ አስጭነን እዳጋ ሓሙስ ወደሚገኘው የኪራይ ቤታችን አመጣነው።

«እጁ አንቺ ትሆኛለሽ፣ ዓይኑ እኔ» አለኝ ተኽለ።

ሴት በፋብሪካ ስትሠራ አይቼ አውቃለሁ። ሱሪ ለብሳ፣ የወንድ ጫማ አድርጋ ብረት ስትበይድ ግን አላየሁም። እሱም አላየም። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ተስማማን፤ በሰው ፊት በያጁ እሱ ነው። «ሰው ቢጠይቅሽ ተኽለ ነው በይ» ሲለኝ «እወ» አልኩት፤ አዎ ማለቴ ነው።

ሰይድ በዋናው ጎዳና በኮምቢሽታቶ ጀርባ በቆርቆሮ ሣጥን አምፖልና ማብሪያ እየሸጠ፣ ከተጠራም መስመር የሚዘረጋ ሰው ነበር። ተኽለ በእኛ ቤት አምፖል ሽቦ ላይ ማሽኑን እንዲያያይዘው ቢጠይቀው ሰይድ ሽቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ አሳየው።

«ይህ ማሽን መብራት አይደለም፣ በሬ ነው። በሬ በክር ይታሰራል?»

ከቆጣሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ ዘረጋ። ለብቻው ፊውዝ ሰጠው። ማጥፊያውንም በሩ አጠገብ፣ ውጭ የቆመ ሰው እጁን ሰዶ ሊደርስበት የሚችልበት ቦታ ላይ ተከለው። «ውስጥ ያለውን ኤሌክትሪክ ቢይዘው ውጭ ያለው እንዲያድነው ነው» አለ። ቀጥሎ የቧንቧው ውሃ በሚፈስበት፣ መሬቱ ዘወትር እርጥብ በሆነበት በኩል የመዳብ ዘንግ በመዶሻ ይመታ ጀመር። የማሽኑ የመሬት ሽቦ የሚታሰረው እዚያ ነው።

አደይ ምህረት ከወንበራቸው ተነሡ። «ቤቴን ልትቸነክረው ነው?»

«አደይ፣ የምቸነክረው ቤቱን አይደለም፣ ሞትን ነው።»

«መብራቴ ቢጠፋስ?»

«አይጠፋም። ከምሰሶው የሚመጣው መስመር ግን ለሁላችሁም አንድ ነው። እሳቱ በተጫረ ቁጥር አምፖላችሁ ትንሽ ይጠቅሳል።»

«ይጥቀስ» አሉ አደይ ምህረት። «እኔን የሚጠቅሰኝ ከጠፋ ስንት ዘመኑ!» አኽበረት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ልብሱን ሳፋው ውስጥ ጣለችው።

ከዚያ የጭሱ ነገር መጣ። ተኽለ ከመደበር፣ ከአሮጌ ብረት ተራ፣ ከአንድ ቡና ቤት የወጣ ቬንቲላቶር፣ የአየር ማራገቢያ፣ ገዝቶ ነበር። ሰይድ የኋላውን ግድግዳ ከላይ በሰው ቁመት ሰብሮ፣ ጭሱን ወደ ኋላ መንገድ እንዲያስወጣ አድርጎ ገጠመው። ሲጨርስ ይበቃናል ብለን ነበር። እሱ ግን መጋዝ አነሣና የበሩን የታችኛውን ጫፍ ይቆርጥ ጀመር።

«በሩን ምን አደረግህ?» አለ ተኽለ።

«ጭስ አስወጣልኝ ብለህ አይደል የጠራኸኝ? የሚወጣ ነገር በቦታው የሚገባ ይፈልጋል። ጠርሙስ ስትደፋ ውሃው የሚንተከተከው ለምን ይመስልሃል? አየር እየለመነ ነው።»

ቬንቲላቶሩን አስነሣና ቀጭን ወረቀት ቀዳዳው ላይ ያዘ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተሳበ። «እታለም፣ በየጠዋቱ እንዲህ እዪ» አለኝ። «ከተሳበ ሥሩ፤ ካልተሳበ አትጀምሩ።» ለምን ለእኔ እንደ ነገረኝ እንጃ። ምናልባት ከሁላችንም ይልቅ የፈራሁት እኔ ስለ ነበርኩ ይሆናል።

ሁሉም ሲሄዱ በሩን ዘጋን። ሱሪውን ለበስኩ፣ ማስኩን አጠለቅኩ። የመጀመሪያው ኤሌክትሮድ፣ የብየዳው ዘንግ፣ ብረቱ ላይ ተጣበቀብኝ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ተኽለ ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «አትውጊው፣ ክብሪት እንደምትጭሪ ጫሪው» አለኝ። ጫርኩት። እሳቱ ሲያዝ ውጭ የአኽበረት ድምፅ ተሰማ፤ «ተኽለ ጀመረ!»

ተኽለ ከበርጩማው አልተነሣም። እኔም ማስኬን አላነሣሁም።

የተቆረጠው የበሩ ሥር ፊት ለፊቱ ቧንቧው ነው። አጣቢዎች ዝቅ ያለ ድንጋይ ላይ ስለሚቀመጡ ዓይናቸው ከቀዳዳው ጋር ይተካከላል፤ የተኽለን ጫማ ያደረገ የሴት እግር ይታያቸዋል። በማግስቱ ጠዋት ተኽለ ጆንያ አጣጥፎ ቀዳዳው ውስጥ ወተፈ። «ውሃ እንዳይገባ ነው» አለኝ። ክረምት አልነበረም። እኔም ቀለል አለኝ።

መጀመሪያ የያዝነው ሥራ የብረት አልጋ ነበር። የሚረከቡን ባሻይ ገብሩ የሚባሉ ነጋዴ ናቸው። ሲመጡ ፈጥኜ ቀሚሴን ሱሪዬ ላይ እደርብና ሻሂ ይዤ እወጣለሁ። አንድ ቀን የአልጋውን መጋጠሚያ በጣታቸው ዳሰው ተኽለን አቀፉት።

«ተኽለ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እጁ ተጎድቷል የሚሉት ምቀኞችህ ናቸው! ይህ የተጎዳ እጅ ነው?» ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ ደግሞ ዓይንሽ ለምን ቀላ? ሽንኩርት ነው? ለዚህ ሰው ደህና ደህና ነገር አብዪው እንጂ!»

«እሺ ባሻይ» አልኩ።

ተኽለ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ አፈርኩ። ለእሱ ይሁን ለራሴ አልለየሁትም።

በዐቢይ ጾም ባሻይ ሌላ ሥራ አመጡልን። ገጀረት ሰፈር ለሚገኝ የአንድ ቪላ አትክልት ቦታ፣ ወይን የሚሳብበት ዳስ ነው። የዳሱ ቱቦ ዚንክ የተለበጠ ነበር። እሳቱ ሲነካው እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ አፍ ውስጥም ይጣፍጣል። ቬንቲላቶሩ ይዞራል፣ ጭሱ ግን ከጣሪያው ሥር ይንሳፈፋል። እኔ እቤት የማስተኛትን ሳባን ለማጥባት ቶሎ ቶሎ እወጣ ነበር። ተኽለ አይወጣም። እሱ ውጭ እየታየ እሳቱ ቢጫር ማን በየደው ይባላል?

ማታ ማታ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ እደርብለታለሁ፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጠዋት ደህና ሆኖ ይነሣል። በወጣትነቱ ምጽዋ ወደብ ሠርቶ ስለ ነበር «የምጽዋ ወባ ናት፣ አልረሳችኝም» አለ። እኔም አመንኩት። የወባ ኪኒን ገዛሁለት። እኛ ደገኞች ቆላ የወረደ ሰው ከተንቀጠቀጠ ሌላ በሽታ አናስብም።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። እሑድ ሲያርፍ ይሻለዋል፤ ሰኞ ሲገባ ይብስበታል። ወባ ሰንበት ታከብራለች እንዴ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አልተናገርኩም።

በሆሳዕና ሰሞን ትንፋሹ አጠረ። ከንፈሩ ጠቆረ። አኽበረትና እኔ ደግፈን ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ ጠራኝ።

«ወባ የለበትም። ሳንባው ነው የተቃጠለው። ሥራው ምንድን ነው?»

«በያጅ ነው።»

«አብሮት የሚሠራ ሰው አለ? እሱም ይመርመር።»

«የለም» አልኩ። ሊሞት የደረሰው ባሌ እዚያ ተኝቶ እኔ ያንን አልኩ።

ሰይድ ወሬውን ሰምቶ ብርቱካን ይዞ እቤት መጣ። አልተቀመጠም። «ወረቀቱ ይሳባል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ብየዳ ቤቱን ከፍቶ ገባና በሩን ዘግቶ ቬንቲላቶሩን አስነሣ፤ ከሣጥኑ ወረቀት ቀዶ ያዘ። ወረቀቱ እንደ ሞተ ነገር ተንጠልጥሎ ቀረ። ዝቅ ብሎ ጆንያውን መዘዘው። በውስጥ በኩል ያለው ፊቱ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ሆኗል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ውሃ እንዳይገባ ነው።»

«ዝናቡ የታለ?» አለኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሱሪ አየ፤ በልኬ ጠቦ የተሰፋ ነው። «የምትበይጂው አንቺ ነሽ?»

«እወ።» ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«እና ያንቺ እግር ከሚታይ የሱ ሬሳ ይታይ ብላችሁ ነው?»

አለቀስኩ። እሱም ደነገጠ መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወላሂ ተኽለ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ሥራሽ ያምራል» አለ። ከዚያ ሊማ የምንለውን ሞረድ አንሥቶ ቱቦው በሚጋጠምበት ጫፍ ላይ ዚንኩን እንዴት እንደምፍቅ፣ ጥቁሩ ብረት ሳይታይ እሳት እንዳላስነካ አሳየኝ። «በሩንም ወለል አድርገሽ ክፈቺው። ቀዳዳው ለዚህ ቱቦ አይበቃም።»

ሥራው መጨረስ ነበረበት። በማግስቱ ሱሪዬን ለበስኩና በሩን ከፈትኩ። አኽበረት ቧንቧው ላይ ነበረች፤ አደይ ምህረትም ፀሐይ ይሞቃሉ።

«በመጨረሻ ሞቀሽ?» አለች አኽበረት።

«እኔ ነኝ የምበይደው» አልኳት።

«እሱንማ እናውቃለን።»

«ከመቼ?»

«የአደይ ምህረት እህት ያረፉ ጊዜ ተኽለ ድንኳን ውስጥ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነበር፣ አምፖሉ ደግሞ ይጠቅሳል። ታዲያ ማን ይበይዳል? ሟቿ?»

«እኔማ እህቴ ናት ብዬ ነበር» አሉ አደይ ምህረት። «ስትሄድ የምትሰናበተኝ።»

ያን ቀን የተጣደፈ ሥራ ነበረብን፤ ሰው ሁሉ ለቅሶ ላይ ነው ብዬ ነበር የሠራሁት። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩ።

«ምን ብለን እንንገርሽ?» አለች አኽበረት። «እናንተ እንደዚያ ስትደብቁ እኛ ምን አፍ አለን? ታፍሪያለሽ ብለን ነው። ስታልፊ ፊታችንን የምናዞረው ለዚያ አይደል?»

እኔ እንዳያዩኝ ስደበቅ እነሱ እንዳላዩኝ ይደበቁ ነበር። ስንት ጊዜ ፊታቸውን ሲያዞሩ ጠሉን ብዬ አልቅሻለሁ።

ሆስፒታል ሄጄ ለተኽለ «ያውቃሉ» አልኩት። ወደ ግድግዳው ዞረ። «ባሻይስ?» አለኝ።

«ዛሬ እነግራቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ስለ ሽንኩርቱ ይቅርታ ይጠይቁሻል» አለ። ሊስቅ ሞክሮ ሳሉ አላስቻለውም።

ለሐኪሙም እውነቱን ነገርኩት፤ እኔንም መረመረኝ። ተኽለ ያን ጊዜ ይድናል ያለ ሰው አልነበረም። ሐኪሙም «እንጠብቅ» ከማለት በቀር ቃል አልሰጠኝም።

በዚያው ሰሞን ሰይድ ሊሰናበተኝ መጣ። እናቱ ደክመዋል የሚል መልእክት ደርሶት ወደ አገሩ መሄዱ ነበር። አገሩ ከደሴ ወዲያ ነው። «ተኽለ ሲነሣ ላኪብኝ» አለኝ። ሲነሣ አለ እንጂ ቢነሣ አላለም።

ተኽለ ከፋሲካ በኋላ ተነሣ። ትንፋሹ እንደ ድሮው አልሞላም፤ ዳገት ሲወጣ ይቆማል። ግን ብዙ ዓመት ኖረ። በርጩማውን አውጥቶ በተከፈተው በር ውጭ ይቀመጥና አላፊ አግዳሚው እየሰማ «ጫሪው፣ አትውጊው» ይለኝ ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን ሰው ቆሞ ሲያየኝ ፊቴ ይግል ነበር። ሥራውን አልለመድኩትም አልልም፤ ኀፍረቱ ግን ከሥራው ጋር አብሮኝ አርጅቷል።

ለሚጀምሩ የምለው ይህ ነው። ለማሽኑ የራሱን መስመር አስገቡለት። የመሬት ሽቦውን እርጥብ ቦታ በተተከለ የመዳብ ዘንግ ላይ እሰሩት። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሳትፍቁ አትበይዱ፤ በር ዘግታችሁም አትበይዱ። ጭስ ማውጫ ስታበጁ አየር የሚገባበትንም አብጁ፣ በምንም ምክንያት አትድፈኑት።

ለሰይድ በሾፌሮች እጅ ብዙ ጊዜ ላክሁ፤ መልስ አልመጣም። በዚያ ዓመት ከወሎ የሚሰማው የረሃብ ወሬ ክፉ ነበር። ሰይድ ረዥምና ቀጭን ነው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። አገሩ ገብቶ እንደሆነ፣ እናቱን አግኝቷቸው እንደሆነ፣ በሕይወት እንዳለ ወይም ልጆች እንዳሉት፣ የሚያውቅ ሰው እንዲነግረኝ እለምናለሁ። ሰይድ የተኽለን መዳን አልሰማም።