በረንዳው ላይ የተጠቀለለው ፍራሽ

ኢንዱስትሪ ዞን መጋዘን ውስጥ ስሠራ ከባድ ካርቶን ከመደርደሪያ ወድቆ ራሴን መታኝ። ቁስሉ ቶሎ ሻረ፤ ድካሙ ግን አብሮኝ ቀረ። ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ እህል ስፈጭ ያደርኩ ይመስለኝ ነበር። የምንኖርባት የእስራኤሏ ከተማ የጊቫት ኦልጋ ሰው በሙቀቱ ወደ ባሕር ሲወርድ እኔ ሹራብ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። የወር አበባዬም ቀረ።

አገር ቤት በእኛ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ መርገም ጎጆ ገብታ ትቀመጣለች፤ እስክትነጻ ድረስ ማንም አይነካትም። አራተኛ ፎቅ ላይ ጎጆ ከየት ይመጣል? አማቴ በረንዳውን ጎጆ አደረጉት። ፍራሽ፣ ሳህንና ኩባያ ለይተው ሰጡኝ። ጎረቤት ሁሉ እያየኝ እዚያ መቀመጥ ያናድደኝ ነበር። አሁን ፍራሹ እንደተጠቀለለ ወራት አለፉ። ሰው የጠላውን ይናፍቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

የአማቴ ዓይን ከቀበሌ ጥበቃ ይብሳል። አንድ ቀን መጥረጊያውን ከእጄ ነጠቁኝ።

«በቃ፣ ከእንግዲህ አትልፊ። ባሩክ ሃሼም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለኛም ቤት ደረሰልን!»

«እማማ፣ እኔ እንጃ፣ ያመመኝ ይመስለኛል።»

«ዝም በይ! እኔም ባልሽን ስፀንስ እንቅልፍ ነበር የጣለኝ።»

ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም አመንኳቸው። ከተጋባን ጀምሮ ልጅ ስንለምን ኖረናል።

ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ሄጄ ስመረመር እርግዝና የለም ተባልኩ። ሐኪሟ ስለ ካርቶኑ ስነግራት ግን ብዕሯን አስቀምጣ ታዳምጠኝ ጀመር። ብዙ ምርመራ አዘዘች። በመጨረሻ ከአንጎል ሥር አተር የምታክል እጢ እንዳለች፣ ሌሎቹን እጢዎች የምታዘው እሷ እንደሆነች፣ ምቱም እንደጎዳት አስረዳችኝ። ድካሙም፣ ብርዱም፣ የደሙ መቅረትም ከዚያ ነው።

«ልጅስ?» አልኳት።

«የማዝልሽ ክኒን፣ ካዱሩ፣ ደሙን ይመልሰዋል። ልጅ ግን ሌላ ሕክምና ይፈልጋል፤ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልሽም።»

ይህን ሁሉ ለአማቴ ነገርኳቸው። ሻሻቸውን እያስተካከሉ ሰሙኝና ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

ካዱሩን መዋጥ ከጀመርኩ በኋላ ደሙ መጣ። ፍራሹን ዘርግቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። አማቴ ሲያዩኝ እልልታቸውን አቀለጡት። ለመርገም እልል ሲባል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ምግቤን አምጥተው ደፍ ላይ አስቀመጡልኝ።

«አየሽ ልጄ፣ ዳንሽ! ቀጥሎ ልጁ ነው።»

ደሙን ያመጣው ካዱሩ ነው ብዬ እንደገና ልነግራቸው አሰብኩ። ደከመኝ።

«አሜን፣ እማማ» አልኩ፤ እንባዬ ግን አመለጠኝ።

የደስታ መሰላቸው። ሊያቅፉኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወዲያው መርገም ላይ መሆኔ ትዝ ሲላቸው ሰበሰቡት። ያን ቀን የሚያቅፈኝ ሰው እንዴት ፈልጌ ነበር!