ያልተነገረ ብልሽት

ራቢያን ያወቅኋት ከደብረ ብርሃን ተዛውሬ አሰላ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበረች። ዕድሜዋ አርባ አምስት ግድም ነው፤ አሰላ ተወልዳ ያደገች፣ ባለጉዳዩን እንደ አመጣጡ በኦሮምኛም በአማርኛም የምታስተናግድ፣ የሃያ ዓመት ፋይል የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ከወንበሯ ሳትነሳ የምትናገር ሴት ናት። ባሏ ሙንተሲር ሁሩታ ላይ መድኃኒት ቤት ነበረው። እኔ ስመጣ እሱ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል። ስለ አሟሟቱ በቢሮ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ቤት ስፈልግ ከግቢዋ አንዷን ክፍል ሰጠችኝ። ዋናው ቤት ውስጥ እሷና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጇ ፈይሩዛ ይኖራሉ። ከአጥሩ ጥግ አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ሸራ ለብሳ ቆማለች። ትሠራለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ታዲያ ሌሊቱን ዝናብ ሲያወርደው አድሮ፣ የሱብሂ ሶላት ካለቀ በኋላ፣ ሰማዩ ገና ሲገረጣ፣ የመኪናዋ ክላክስ በራሱ ጮኸ። አንዴ ብቻ፣ ረዘም አድርጎ።

በሬን ከፍቼ ወጣሁ። ራቢያ ሻርፗን እንደተከናነበች በረንዳው ላይ ቆማ መኪናዋን ታያለች። ወደ መኪናዋ አልቀረበችም፤ ወደ ቤትም አልተመለሰችም። ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኳት። ቀስ ብላ፣

«ሙንተሲር ከሥራ ሲመጣ በር እንድንከፍትለት እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አለችኝ።

ያን ክረምት ክላክሱ አራት ጊዜ እንደዚያ ጮኸ፤ ሁልጊዜም ዝናብ ካደረ በኋላ። አንድ ቀን ማታ ደግሞ የውስጧ መብራት በሸራው ስር ሲበራና ሲጠፋ ፈይሩዛ አይታ በዚያ በኩል ማለፍ ተወች። ጎረቤት ሁሉ የራሱን ምክር ሰነዘረ። አንዱ ቁርዓን ይቀራባት አለ፤ ሼህ መጥተው ቀሩባት። ሌላው ሽጪያት አለ። ራቢያ ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ማንም ያልመከራትን አደረገች፤ ሸራውን ገፈፈች፣ አዲስ ባትሪ አስገባች፣ መኪናዋን እራሷ መንዳት ጀመረች።

መኪናዋ ስትፈልግ ትሄዳለች፣ ስትፈልግ ትጠፋለች። ቢሮ ሳንደርስ መሀል አስፋልት ላይ ቀጥ ትላለች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ሁለት መካኒኮች አዩዋት። አንደኛው ካንዴላ ቀየረ፣ ሌላው የነዳጅ ፓምፑን ፈታ። በፊታቸው ስትሆን እንደ አዲስ ትሠራለችና ጤነኛ ናት ብለው መለሷት። ራቢያ በዚህ የተናደደች አትመስልም ነበር። እንዲያውም መኪናዋ ቀጥ ባለች ቁጥር ቁልፉን ለማዞር አትቸኩልም። እጇን መሪው ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ ግን አይገባኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ የባሏን እናት ልትጠይቅ ሁሩታ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ጠዋት ነው፤ ጭጋጉ ገና ከገብሱ ማሳ ላይ አልተነሳም። ጎንዴን አልፈን ወደ ኢተያ ስንጠጋ መኪናዋ አልተንገራገጨችም፣ አልሳለችም፤ በአንድ ጊዜ ዝም አለች። የዳሽቦርዱ መብራት በሙሉ ጠፋ። መሪው ድንጋይ ሆነ። ራቢያ በሁለት እጇ ታግላ ወደ ዳር አወጣቻትና ቆምን። የጎማው ድምፅ ሲቆም የነበረውን ጸጥታ አሁንም አስታውሰዋለሁ። ከጭጋጉ ውስጥ የበሬ ደወል ይሰማል፤ በሬው ግን አይታይም።

ራቢያ ፊቷን ከመስታወቱ ሳትመልስ ተናገረች።

«እዚህ አይደለም። ትንሽ ወደ ፊት ነው።»

ያን ቀን ነው ሁሉንም የነገረችኝ። ሙንተሲር የሞተው ሐምሌ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ደረቱን ጨምቆ ያዘው። አጠገቡ ሱቅ ያለው ብሩክ የሚባል ሰው መኪና ልፈልግልህ ቢለው፣ እምቢ ብሎ አሰላ ሄጄ እታያለሁ አለና ለብቻው ተነሳ። ኢተያን ካለፈ በኋላ ይቺው መኪና ጠፋችበት። ዝናብና ጭጋግ ነበር። ስልኩ ከሱቁ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ያገኘው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ነፍሱ ወጥታ። ሐኪሙ ቶሎ ቢደርስም ይተርፍ እንደነበር መናገር አልችልም አላት። ይተርፍ ነበር አላለም፤ አይተርፍም ነበርም አላለም። ራቢያ በሁለቱ መካከል ቀረች።

ይህንን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ማንም የማያውቀው ሌላ ነበር። እሱ ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት፣ ለመድኃኒት ግዢ አዲስ አበባ ወርዶ ሳለ፣ ራቢያ መኪናዋን ይዛ ሳጉሬ ለቅሶ ሄዳለች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ወሯ ነው። ሙንተሲር እሱ በሌለበት እንዳትነዳ ለምኗታል። ስትመለስ መኪናዋ መንገድ ላይ ጠፋችባት። ግማሽ ሰዓት ቆማ እንደገና ስትሞክራት ተነሳች። ለባሏ አልነገረችውም። ብነግረው አንቺ ነሽ ያበላሸሻት ይለኛል፣ ቁልፉን ይደብቅብኛል ብላ ፈራች።

«ነግሬው ቢሆን ያሠራት ነበር» አለች። «በምላሴ ነው የገደልኩት፤ ዝም ባለ ምላሴ።»

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ።

መኪናዋ በጠፋች ቁጥር ለምን እንደማትናደድ ያኔ ገባኝ። ሙንተሲር የቆመበት ቦታ ላይ መቆም ነበር የምትፈልገው። እሱ የሰማውን ዝምታ እየሰማች እዳዋን የምትከፍል ይመስላት ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ከኋላችን ከባድ መኪና ቢመጣስ? ፈይሩዛ ተሳፍራ ብትሆንስ? ይህንን ስላት ወደ ፊት ብቻ እያየች መንዳቷን ቀጠለች። ማክሰኞ ዕለት ግን ከቢሮ ስንወጣ በራሷ አፍ፣ መኪናዋን የሚያይ ኤሌክትሪሽያን እንድፈልግላት ጠየቀችኝ።

ጋሽ ገብረሥላሴን አገኘሁላት። ከትግራይ በወጣትነታቸው ተመድበው መጥተው አሰላ ላይ ጡረታ የወጡ የቴክኒክ ትምህርት መምህር ናቸው። ጋራዥ የላቸውም፤ ግቢያቸው ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ብቻ ይሠራሉ። ነገር አይቸኩሉም። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ራቢያን አስቀምጠው ሐኪም በሽተኛን እንደሚጠይቅ ጠየቋት። ስትጠፋ ተንገራግጭታ ነው ወይስ በአንዴ? የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ይጠፋል? ዝናብ ሲሆን ይብስባታል? ክላክሱ በራሱ ይጮኻል ስትላቸው እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ቀና አሉ።

«ሁለቱ አንድ በሽታ ሊሆን ይችላል» አሉ።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍተው ከመሪው ስር በጀርባቸው ገቡ። የመሪውን አንገት የሚሸፍነውን ፕላስቲክ ፈቱ። ከዚያ ራቢያን ጠርተው የእጅ ባትሪውን አበሩላት። እኔም በሌላው በር በኩል ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ከቁልፉ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ሽቦዎች ከክላክሱ ሽቦ ጋር አንድ ላይ ታስረው የብረት ጠርዝ ላይ ሲፋተጉ ኖረዋል። የክላክሱ ሽቦ ላስቲኩ ተልጦ፣ እርጥበት ሲገባ ብረቱን እየነካ ነው የሚጮኸው፤ አጠገቡ ያለው የውስጥ መብራት ሽቦም እንዲሁ ተልጧል። ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ሽቦ ደግሞ የመዳብ ክሮቹ ተበጥሰው ሁለት ሦስት ክር ብቻ ይዞታል፤ ሲግል ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ይህ ሁሉ ለጋሽ ገብረሥላሴ አዲስ አልነበረም። ራቢያን ያስጠራቸው ሌላ ነው። የተበጠሰው ቦታ ላይ ሽቦው በነጭ የቁስል ፕላስተር ተጠቅልሏል። በፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ ቀን ተጽፎበታል፤ ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ።

ራቢያ ጽሕፈቱን አወቀችው፤ የባሌ ነው አለች። ሙንተሲር የከፈተው የመድኃኒት ጠርሙስ ሁሉ ላይ ፕላስተር ለጥፎ የተከፈተበትን ቀን የመጻፍ ልማድ ነበረው። ቤት ውስጥ የማር ዕቃ ላይ ሳይቀር ይጽፋል።

«ሚያዝያ» አለች። «እኔ ሳጉሬ የሄድኩት ሰኔ መጨረሻ ነው።»

ጋሽ ገብረሥላሴ ነገሩን አያውቁም፤ ግን አንድ ነገር እንደተገለጠላት ገባቸው። ከመሪው ስር ወጥተው እጃቸውን እየጠረጉ፣ ባልሽ እንዳትፈሪ ብሎ ይሆናል ያልነገረሽ አሏት። ራቢያ አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ ነው። ያን ያህል ጊዜ ሳውቃት ተቆጥታ አይቻት አላውቅም ነበር።

«ልጄን በየቀኑ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር» አለች። «ሽቦው በቁስል ፕላስተር ታስሮ።»

መኪናዋ በማግሥቱ ተሠራች። ጋሽ ገብረሥላሴ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይረው፣ ብረቱ እንዳይነካው በጎማ ቱቦ ውስጥ አሳለፉት። የተቆረጠውን አሮጌ ቁራጭ ከነፕላስተሩ ይዘው፣ ላስቀርልሽ ወይስ ልጣለው ብለው ጠየቋት። ወሰደችው። የት እንዳደረገችው አልነገረችኝም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ከፊተኞቹ የከበዱ ይመስሉኛል። ግቢው ውስጥ ክላክስ አይጮኽም፤ ዝናብ ዘንቦ ያድራል፣ ይነጋል፣ ጸጥታ ነው። ራቢያ ግን በዚያች ሰዓት ትነቃለች። በረንዳው ላይ ቆማ አያታለሁ። አንድ ጠዋት ፈይሩዛ አጠገቧ መጥታ ቆመች። ራቢያ ያን ጊዜ ለልጇ ሁሉንም ነገረቻት፤ የራሷንም፣ የሙንተሲርንም። ፈይሩዛ እየሰማች ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ኡሚ፣ ከእኔ ጋር ስንሄድም ሁለት ጊዜ ጠፍታበታለች። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነበር።»

በዚያች አንዲት አሮጌ መኪና ውስጥ ሦስቱም አንዱን ብልሽት እያወቁ፣ አንዱ ለሌላው ሳይናገር ኖረዋል።

በተከታዩ ቅዳሜ ራቢያ ለአማቷ ልትናገር ተነሳች። አዴ ከዲጃ፣ እናት ከዲጃ እንደማለት፣ ይሏቸዋል፤ ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፣ ሁሩታ ከተማ ዳር ከትንሹ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እንድሸኛት ለመነችኝ፤ ሄድኩ። በመንገድ መኪናዋ አንዴም አልጠፋችም። አዴ ከዲጃ ግቢ ስንደርስ ፀሐይ ላይ ቁርበት ዘርግተው ተቀምጠው አገኘናቸው። ራቢያ ጫማዋን አውልቃ እግራቸው ስር ተቀመጠች። በኦሮምኛ ነው ያወሩት፤ ያን ጊዜ ለመከተል ያህል ለምጄ ነበር። ደብቃ የኖረችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አሮጊቷ አላቋረጧትም። ስትጨርስም አልፈረዱባትም፣ ይቅር አልኩሽም አላሏትም። በትራቸውን ተደግፈው ተነሱና ቦታውን አሳዩኝ አሉ። ልጃቸው የሞተበትን ቦታ አይተውት አያውቁም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ መንገድ ላለማለፍ አሰላን ትተዋል።

ወሰድናቸው። ራቢያ መኪናዋን ዳር ይዛ አቆመችና ሞተሩን ራሷ አጠፋችው። ቦታው ምንም የለውም። ግራና ቀኝ ስንዴ ነው፤ በቅርብ ቤት አይታይም። አዴ ከዲጃ ወርደው እጃቸውን ከፍተው ዱዓ አደረጉ። ቆይተው ወደ ራቢያ ዞሩ።

«ሰውየው ሲያገኘው በሩ ዝግ ነበር ወይስ ክፍት?»

ራቢያን ይህንን የጠየቃት ሰው አልነበረም። የጭነት መኪናው ሹፌር ግን በለቅሶው ሰሞን ነግሯታል።

«ክፍት ነበር፣ አዴ። ጫማው ጭቃ ነክቷል። ወርዶ ትንሽ ሄዶ ነው የተመለሰው።»

አሮጊቷን ደግፈን ሣሩ ላይ አስቀመጥናቸው። እያለቀሱ፣ ልጄ ዝም ብሎ ተቀምጦ አልሞተም፣ ሞክሯል አሉ። ከዚያ የራቢያን እጅ ይዘው፣ ከልጅነቱ ያመመውን የማይናገር ልጅ እንደነበር፣ በሰባት ዓመቱ ክንዱ ተሰብሮ ሁለት ቀን ደብቋቸው እንደዋለ ነገሯት። ራቢያ የእሳቸውን እጅ ይዛ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ፕላስተሩን ካየች ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ፈይሩዛ አሥራ ስምንት ስትሞላ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ከእናቷ ጋር ተራ በተራ ትነዳለች። አዴ ከዲጃ አሁን አሰላ ይመጣሉ፤ ጁምዓ አድረው ይመለሳሉ። ራቢያ ግን ሁሩታ ስትሄድ ብዙ ጊዜ ብቻዋን መሄድ ትመርጣለች። ለምን ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳት። ፋይል እያገላበጠች ስለነበር ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«ሙንተሲርን አናግረዋለሁ። ድሮ ይቅርታ ነበር የምለምነው፤ አሁን እጣላዋለሁ።»

«ይመልስልሻል?»

ፋይሉን ዘጋችው።

«አይመልስም» አለች። «ኢተያ እስክደርስ ግን ያዳምጠኛል።»