ዳይቨርሲፊኬሽን በደቦ

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ላይ፣ ከዋጫ ወደ ቦንጋ ስሄድ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በግብርና ባለሙያነት ዋጫ ከተመደብኩ ገና ወራት ነበር። የቡና ገበሬዎቻችን ማርና ቅመም ጨምረው ገቢያቸውን እንዴት እንዳሰፉ ቦንጋ ለመጡ እንግዶች በእንግሊዝኛ እንዳስረዳ ታዘዝኩ። ሁሉንም ሸመደድኩ፤ "ዳይቨርሲፊኬሽን" የምትለው ቃል ብቻ እምቢ አለችኝ። ልምምድ ላይ ምላሴ ሲተሳሰር ባልደረቦቼ በሳቅ ፈረሱ። አለቃዬ ግን አልሳቀም። "እዚያም እንዲህ ከሆንሽ ሁለተኛ መድረክ አታዪም" አለኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ወደ መስኮቱ ዞሬ ቃሏን አነበንባለሁ። ሺሺንዳ ላይ የተሳፈሩ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡና፣

"ልጄ፣ ጸሎት ነው ወይስ ጥል?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ለካ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ።

"ታዲያ ቆራርጪያት እንጂ! ዳይቨርስ ማለት ልዩ ልዩ ነው። የተቀጠለው ደግሞ ማድረግ ነው። ልዩ ልዩ ማድረግ፣ አለቀ!"

ከዚያ ወደ ተሳፋሪው ዞሩ። "እናንተ፣ ይቺ ልጅ ሥራ ከብዷታል። ደቦ እንውጣላት!"

እዚህ አገር ደቦ ተጠርቶ የሚቀር የለም። ጋሽ ወልዴ ቃሏን ለየወንበሩ አከፋፈሉ። "ዳይ" የማር ጀሪካን ላቀፉት ለእትዬ አስካለች ደረሰች። "ቨር"፣ "ሲ" እና "ፊ" ወደ ኋላ ሄዱ። ሾፌሩ "ኬ" የኔ ናት ብሎ በጥሩንባ አጀባት። "ሽን"ን ባለቤቷ ትዝጋ ተባለና ለኔ ቀረች። አንዱ ከተሳሳተ እንደገና ከ"ዳይ" ነው። ቦንጋ እስክንገባ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

አዳራሽ ውስጥ ጥሩ ስናገር ቆይቼ ቃሏ ጋ ደረስኩ። የአለቃዬን ፊት አየሁ፤ በቃ፣ ሁሉም ነገር ጠፋብኝ። ጉዴ ፈላ!

"ዳይ!" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

እትዬ አስካለች! ለካ እሳቸውም ከተጋበዙት ገበሬዎች አንዷ ናቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ ከሳቄም ጋር ምላሴ ተፈታ።

"ዳይ-ቨር-ሲ-ፊ-ኬ-ሽን!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ አለቃዬም ሲያጨበጭብ አየሁት። ስንወጣ ሮጬ እትዬ አስካለችን አቀፍኳቸው።

"እትዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ደፈሩ?"

"አይ አንቺ! ደቦ ገብቼ ተራዬ ሲደርስ ዝም ልበል?"

እስከዚያ ቀን እዚህ አገር እንግዳ ነበርኩ። አሁን ቦንጋ ገበያ ስንገናኝ ከሩቅ "ዳይ!" ይሉኛል። እኔም ሰው ታዘበኝ ሳልል የቀረውን እየጮህኩ ወደ እሳቸው እሄዳለሁ።