ደጅ የቀረ አልጋ

በ2015 ዓ.ም. ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ደጅ መተኛት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት። ድሬ ሙቀት ሲገባ ሰው አልጋውን ግቢ ያወጣል፣ በረድ ሲል መልሶ ያስገባል። እኔ አላስገባሁም። ለመጨረሻ ጊዜ ባወጣሁበት ዓመት ሚስቴ ሠርግ ላይ ከመልካ ጀብዱ ከመጣ አንድ ሾፌር ጋር ስትጨፍር አየሁና፣ ቤት ስንመለስ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኳት። ጎረቤት አልጋውን ሲያስገባ እኔ "ግባ ትበለኝ" ብዬ ደጅ ቀረሁ። አላለችኝም። ምሳ ታቀርብልኛለች፣ ሸሚዜን ታጥባለች፣ የደም ግፊት ኪኒኔን ታስታውሰኛለች። ሌላ ነገር የለም። ጎረቤቱ ሙቀት አይችልም ይለኛል፤ እኔም አዎ እላለሁ።

በዚያው በ2015፣ ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ሲተኛ እሷ መውጣት ጀመረች። የት ነው ስላት "መጋላ ሰፈር፣ ዘመድ ጋ" ትላለች። መጋላ ዘመድ የላትም። አንዴ ስትመለስ ሽቶ ሸተተኝ። የሚቀጥለው ሐሙስ የተኛሁ መስዬ ቆየሁና ተከተልኳት።

ጉልበቴ ደህና አይደለም። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ስሻገር ሁለቴ ቆሜ ተነፈስኩ። ቢቀርብኝስ ብዬ ነበር፤ ግን ጀምሬ መተው አልወድም። አንድ ልብስ ሰፊ ቤት መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ዱላዬን ጨብጬ ተከትዬ ገባሁ።

ልብስ ሰፊው የእኔ እኩያ ነው፤ የስፌት መኪናው አጠገብ ምንጣፍ ላይ ያንኮራፋል። ሚስቱ ትራስ ተደግፋ ጫቷን ትቅማለች። የእኔዋ መስታወት ፊት ቆማለች፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ። ጀርባው ክፍት ነው። ያን ጀርባ ካየሁት አሥራ አንድ ዓመት።

"ኧረ አቦ፣ ሽማግሌሽ መጣልሽ!" አለች የልብስ ሰፊው ሚስት። "ዱላህን እዚያ አስቀምጠው፤ የምትመታው ሰውዬ ተኝቷል።"

ሚስቴ አልደነገጠችም። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

"ለማን ነው?" አልኳት።

"ምኑ?"

"ቀሚሱ።"

"ለራሴ። አሰፋሁት፣ እዚሁ አስቀመጥኩት። መጥቼ እለብሰዋለሁ፣ ትንሽ እንስቃለን፣ አውልቄው እሄዳለሁ። ቤት ባመጣው ይህንኑ አልነበር የምትጠይቀኝ?"

"ሽቶውስ?"

"የእኔ ነው!" አለች ሌላዋ። "ፈልገህ ከሆነ ላንተም ልርጭልህ።"

ሚስቴ ልብሷን ቀየረችና አብረን ወጣን። ድልድዩ ላይ ጉልበቴ ያዘኝና ቆምኩ። እሷም ቆመች።

"ግባ ብትዪኝ እገባ ነበር" አልኳት።

"የመኝታ ቤቱን በር አንድ ቀን ገፍተኸው ታውቃለህ?"

የድልድዩን አጥር ተደገፍኩ።

"አልቆለፍኩትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ውጭ ስታስል እየሰማሁ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይመጣል እላለሁ። አቦ፣ ደከመኝ። ከነገ ማታ ጀምሮ እቆልፈዋለሁ።"

ቤት ደረስን። ያ ሾፌር ትዝ አለኝ፤ መልኩን እንኳ ረስቼዋለሁ። እሷ በዚያን ቀን ምን ለብሳ እንደነበር ግን አልረሳሁም። ይህንን ልነግራት እያሰብኩ ደጅ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ፍራሼን ጠቅልዬ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። አልጋው የብረት ነው፣ ካልተፈታ በበሩ አያልፍም። ብሎኖቹ ዝገዋል። አራቱም ላይ ነጭ ጋዝ አፈሰስኩና በእጄ ሞከርኳቸው፤ እንቢ አሉ። የባቡር ጥገና ስሠራ የያዝኩት መፍቻ ያለው መኝታ ቤት፣ ቁም ሣጥኑ ሥር ነው። "አምጪልኝ" ብዬ ልጣራ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩትና እጄን ጠርጌ ገባሁ፣ የመኝታ ቤቱን በር ገፋሁት።