ያልተረጎምኩት «አዎ»

ፎርት ዎርዝ ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት የገባሁ የመጀመሪያ ቀን የለበስኩት የሰርጌን ሱፍ ነበር። አልቆለፍ ስላለኝ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ ዋልኩ። የዕለቱ ሥራ የጁሪ ምርጫ ነበር፤ ለፈራጅነት ከየሰፈሩ የተጠሩ ሰዎች ተደርድረው ይጠየቃሉ፣ ጠበቆቹም የማይፈልጉትን ከዝርዝር ይሰርዛሉ። መሰረዙን «ስትራይክ» ይሉታል፤ ቃሉ በተለምዶ «መምታት» ማለት ነው። ጠበቃው ለተከሳሹ ልጅ ሰባት ቁጥሯን ሴትዮ ስትራይክ ሊያደርጋት እንደሆነ ሲነግረው፣ እኔ «እመታታለሁ ይላል» ብዬ አንሾካሾክኩለት። ልጁ ደንግጦ «ኧረ በማርያም! ምን አደረገችው?» አለኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ እንዲህ ያለውን ስህተት አልፌ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «የሕግ ሰው» መባል ጀምሬ ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እኔ ላጥበው የነበረው መጽሐፍ ጋሽ ታደሰ ናቸው።

ጋሽ ታደሰ ግራንድ ፕሬሪ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጫኝ ነበሩ። የሥራ ባልደረባቸውን በብረት መትተዋል ተብለው ተከሰሱ። «ቀድሞ የመጣብኝ እሱ ነው፤ ራሴን ነው የተከላከልኩት» ይላሉ። ከተፈረደባቸው እስር አለ፣ ከእስሩም በኋላ ከአገር መባረር ሊመጣ ይችላል። ሚስታቸውና ልጆቻቸው ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም።

ጠበቃቸው ቀልጣፋ ሴት ነበረች። «የማይወዱት ሰው ሲያጋጥም ምልክት ይስጡኝ» አለቻቸው። ተረጎምኩ። ጋሽ ታደሰ ደንገጥ እንዳለ ሰው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። እኛ ዘንድ ይህ «አዎ፣ እሺ» ማለት ነው። ጆሮዬ ስለለመደው መተርጎሙ ትዝም አላለኝ።

አሥራ አራት ቁጥር ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ነርስ ነበረች። ጠበቃዋ «ሰው ራሱን ለመከላከል ቢማታ ትረጂዋለሽ?» ስትላት «ነገሩን ሁሉ ሳልሰማ አልፈርድበትም» አለች። ይህን ሳንሾካሹክላቸው ጋሽ ታደሰ ሦስት ጊዜ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ጠበቃዋ አሥራ አራት ቁጥር ላይ ኤክስ አደረገች። የጠበቃ ጉዳይ ነው ብዬ እያየሁ ዝም አልኩ። አስተርጓሚ አስተያየት አይሰጥም የሚለውን ደንብ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ እንዲያውም ዝም በማለቴ ኮራሁ።

ዝርዝሩ ለፍርድ ቤቱ ሊሰጥ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጠበቃዋ ወደኔ ዞረች። «ነገም የምትመጣው አንተ ነህ?»

ትንፋሼን ሳብኩ።

«ምን ሆንክ? ምን አስደነገጠህ?»

«ምንም። አዎ ማለቴ ነው።»

ትኩር ብላ አየችኝ። «እሳቸውስ?»

አሥራ አራት ቁጥር ላይ ያለውን ኤክስ አየሁ። «እሳቸውም አዎ ማለታቸው ነው።»

ለካ ጋሽ ታደሰ ደስ ያላቸውን ሰው ሁሉ ስትሰርዝ ነው የዋለችው።

ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋነው። «ጋሼ፣ ነርሷን ይፈልጓታል?» አልኳቸው። ትንፋሻቸውን ሳቡ።

«በአፍዎ ጋሼ! ስለ እግዚአብሔር፣ በአፍዎ ይንገሩኝ!»

«ምነው ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ አዎ እያልኩህ አይደል እንዴ?»

ነርሷንና ሌሎቹንም መለስናቸው፤ ዝርዝሩ በሰዓቱ ደረሰ። በሳምንቱ ጁሪው ጋሽ ታደሰ ነጻ ናቸው ብሎ ፈረደ። አንገቴን አቅፈው «ያወጣኸኝ አንተ ነህ» እያሉ መረቁኝ።

ፓርኪንግ ሄጄ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከእሳቸው በፊት በጁሪ ምርጫ የተረጎምኩላቸው አምስት ተከሳሾች ነበሩ። ሁለቱ ታስረዋል። እነሱም እንደዚያው ይተነፍሱ ነበር። ጠበቆቻቸው ያንን ሲሰሙ ማንን እንደሰረዙ አላየሁም፣ አልጠየቅኩምም። በራሴ አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ።

ዛሬ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ስለዚያ ትንፋሽ ለጠበቃው እነግራለሁ። ለወጣት አስተርጓሚዎች የምለው ይህን ብቻ ነው፦ የማታውቁትን ቃል መዝገበ ቃላት ይነግራችኋል፤ የለመዳችሁትን ግን ማንም አይነግራችሁም።